የቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻ የተቀበረበት መሬት ላይ ጎመን መትከል እንችላለን?

ሰዓዳ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁም። ወጣቶች ተደራጅተን ቦርከና ወንዝ አጠገብ ለአትክልት የሚሆን መሬት ተሰጠን። ድሮ የአንድ ቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻ መጣያ እንደነበር የሰማነው ቁፋሮ ከጀመርን በኋላ ነው። አንድ ክንድ ያህል ስንወርድ ሰማያዊ የቆዳ ፍቅፋቂ፣ ፀጉርና ግራጫ ጭቃ ወጣ። ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው። ገሚሱ ልጅ «ኖራ በትነን እንረስ» ይላል፣ ገሚሱ «አውጥተን እናቃጥል»። አጠገባችን የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ቤተሰቦች አሉ። ምን ይሻላል?

የላብራቶሪ ሰው
አብሽሪ እህቴ፣ ግን ዶማውን ለጊዜው አስቀምጡት። ሰማያዊው ቀለም የክሮም ነው፣ ክሮሚየም የሚባለው ብረት። ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም ሦስት ይባላል። በውሃ ብዙም አይሟሟም፣ አፈሩን ይዞ ይቀመጣል። የሚያስፈራው ክሮሚየም ስድስት ነው። እሱ ይሟሟል፣ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፣ ካንሰርም ያመጣል።
ፍቅፋቂው ሲቃጠል ሦስቱ ወደ ስድስት ሊቀየር ይችላል። አመዱን ደግሞ ነፋስ ይበትነዋል። ስለዚህ እሳት ፈጽሞ አይሆንም! ኖራም ሳይመረመር አይበተንም። እርሳስና ካድሚየም ለሚባሉት ብረቶች ይረዳል፣ እውነት ነው። ክሮሚየም ስድስት ካለ ግን ኖራ የበዛበት አፈር አይይዘውም፣ ከውሃው ጋር ይሄዳል።
ሽታው ሰልፋይድ ነው፣ ፀጉር ለመመለጥ የሚጠቀሙበት። ጋዙ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ይገድላል። ማንም እንዳይገባ።

መምህር (ደሴ)
ከአፈሩ በፊት የጎረቤቶቻችሁን ጉድጓድ አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ውሃውን ማፍላት እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት አያጠፋም፣ ይህን ለእናቶቹ በደንብ ንገሯቸው።
አፈሩን ስትወስዱ ከላይኛውና ከታችኛው ለየብቻ ይሁን። ሰማያዊው የታየበትን ከንጹሑ ጋር አትቀላቅሉ፣ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ቆሻሻ ካልነካው ከጎረቤት ማሳም አንድ ናሙና ጨምሩ። የእኛ አገር አፈር ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ስለሆነ በተፈጥሮው ክሮሚየም አለው፤ ማወዳደሪያ ከሌለ ቁጥሩ አይነበብም። ጠቅላላ ክሮሚየምና ክሮሚየም ስድስት ለየብቻ እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ኮምቦልቻ ግቢ አለው፣ ባለሙያ ፈልጋችሁ አማክሩ።

ሰዓዳ
አላህ ይስጥልን። ቆሻሻውን በጋሪ አውጥተን ሌላ ቦታ ብንደፋውስ?

የላብራቶሪ ሰው
ሌላ ሰው ላይ መድፋት ነው የሚሆነው። መውጣት ካለበት ወለሉ ውሃ የማያሳልፍ የተዘጋጀ ቦታ ይፈልጋል። ይህ የእናንተ አቅም አይደለም። ክሮሚየም ስድስት ከተገኘ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትም ሆነ የብረት ሰልፌት ወደ ሦስት ይመልሰዋል፣ ግን ባለሙያ መጥኖ ነው።

አባ መስኖ (ሐርቡ)
ልጄ፣ ከክረምቱ በፊት የተከፈተውን ሸፍኑት። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ አዙሩት፣ ዳር ዳሩን ቬቲቨር ሳር ትከሉ። ሥሩ ጠልቆ አፈሩን ይይዛል። ሳሩን ግን ለከብት አትጨዱ። እኛ ከታች በቦርከና መስኖ እንተክላለን። ጨፋ ሜዳ ላይ ደግሞ ስንት ከብት ይጠጣል! ከእናንተ የሚወርደው ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚደርሰው። ጎመኑና ቆስጣው፣ ካሮቱም ይቆይ፤ ዶሮም አታሰማሩበት።

የሕግ ተማሪ
አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ፎቶ አንሱ። ለከተማው አካባቢ ጥበቃ በደብዳቤ አመልክቱ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። መሬቱን ለሰጣችሁም ምትክ ቦታ በጽሑፍ ጠይቁ። ወጣት ተደራጅቶ መርዝ ሊረከብ አይገባም።

ሰዓዳ
ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ቁፋሮውን አቁመን በሸራ ሸፍነነዋል። ነገ ጠዋት የጉድጓዱን ውሃ ይዘን እንሄዳለን። ደብዳቤውን እየጻፍን ነው።