ወደ ደሴት የሚሻገር የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ፦ ማስመጫው ስንት ኪሎ ይሁን?

አዌቱ (ጅማ)
ሰላም ወገኖች። ከሐይቅ ዳር ወደ ደሴት ሁለት መስመር ልናሻግር ነው፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ አንዱ በፓምፕ የሚገፋ ፍሳሽ። ርቀቱ 600 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ 12 ሜትር። ሁለቱም 160 ሚሊ ኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ)፣ ፒኤን 10 (እስከ 10 ባር ግፊት የሚችል)። ቧንቧው ላይ የሚታሰረውን የማስመጫ ኮንክሪት እዚሁ ጅማ ነው የምናፈሰው። ተቋራጩ ለሁለቱም በየ3 ሜትሩ 30 ኪሎ ይበቃል ይላል። ያስኬዳል?

ባለ ቱቦ
ለንጹሕ ውሃው ይሁን፤ ለፍሳሹ አልስማማም። ኤችዲፒኢ ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ሞልቶትም አይሰምጥም፤ ወለል የሚያስይዘው ኮንክሪቱ ብቻ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ውሃ ውስጥ 40 በመቶ ያህል ክብደቱን ያጣል። 30 ኪሎው 17 ተኩል ይሆናል፣ ለሜትር ሲካፈል 6 እንኳ አይሞላም። በሜትር 5 ሊትር ተኩል ጋዝ ከተጠራቀመ መስመሩ ይነሳል፤ ይህ የቧንቧው ሆድ አንድ ሦስተኛ ነው። ፍሳሽ ቆሞ ሲያድር ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ወለሉ ጉብ ባለበት ይሰበሰባል። ለፍሳሹ 50 ኪሎ አድርጉት፤ ከመስመጡ በፊት አየር ሞልቶት ሐይቁ ላይ ሲጎተት አሁንም ይንሳፈፋል። ፓምፑም በሰከንድ ከ11 ሊትር በታች ከገፋ ዝቃጩ ይተኛል።

ኮንክሪቱን ቡና በሚመዘንበት ባስኩላ እየመዘናችሁ ተረከቡ። የእያንዳንዱ ኮንክሪት ሁለት ግማሾች ቧንቧውን አቅፈው ሲታሰሩ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም፤ ከተነካኩ ብሎኑ የሚያጠብቀው ኮንክሪቱን እንጂ ቧንቧውን አይደለም፣ ሲሰምጥ ይንሸራተታል። በኮንክሪቱና በቧንቧው መሐል ጎማ ይግባ።

የጀልባው ሰው
በማጥለቁ ላይ ልጨምር። ውሃው ከዳር ይገባል፣ አየሩ በደሴቱ ጫፍ በቫልቭ ይወጣል። ቫልቩን በአንዴ መክፈት ቧንቧውን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ተቆርጦ ነው የሚጣል። በሰዓት 300 ሜትር ያህል ብታስኬዱት በሁለት ሰዓት ያልቃል። 12 ሜትር ላይ ሲደርስ የውስጡ አየር 1.2 ባር ገደማ መያዝ አለበት፤ ጌጁን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ኮምፕሬሰሩ ተገጥሞ ይጠብቅ፣ ችግር ከመጣ አየር ነፍታችሁ ታነሱታላችሁ። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ጀምሩ። ሁለቱን መስመሮች ቢያንስ 3 ሜትር አራርቁ፤ ዳር ላይ ሐይቁ በበጋ ከሚወርድበት በታች ቅበሩ።

አዌቱ (ጅማ)
እግዜር ይስጥልኝ። ሳይሰምጥ በ15 ባር ስንፈትነው ግፊቱ ቢወርድስ?

ባለ ቱቦ
መጀመሪያ መውረዱ አይቀርም፤ ኤችዲፒኢ ግፊት ሲያገኝ ይለጠጣል። ለጥቂት ሰዓት እየሞላችሁ አቆዩት፤ መለጠጡ ከረጋ በኋላም መውረዱን ካላቆመ በየብየዳውና በየፍላንጁ (በብሎን በሚታሰረው መገጣጠሚያ) የሚያፈስበትን ፈልጉ። ከሰመጠ በኋላ እንደገና ይፈተን።