ከእናታችንና ከልጆች ጋር ወደ ባሌ ተራሮች፦ የት ብንቆም፣ የቱን ብንተው ይሻላል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከዱባይ ትመጣለች። ወንዱ 11 ዓመቱ፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ተወልደው ያደጉት እዚያው ሲሆን ኢትዮጵያ ሲመጡም ከአዲስ አበባ ወጥተው አያውቁም። እኔ፣ ባለቤቴና የ68 ዓመት እናታችን ስንጨመር ስድስት ሆነን፣ ላንድ ክሩዘር ተከራይተን ለአምስት ቀን ወደ ባሌ ለመሄድ አስበናል። እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ታስመልሳለች። ዕቅዳችን በመጀመሪያው ቀን ጎባ መግባት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሳነቴ ከፍተኛ ሜዳ ወጥቶ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ መድረስ፣ በሦስተኛው ቀን የሐረና ደን፣ በአራተኛው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ከዚያም መመለስ ነው። ይህን ጉዞ ከሁላችንም በላይ የሚመኙት እናታችን ስለሆኑ ቤት ትተናቸው መሄድ አንፈልግም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትተዋላችሁ?

መልስ፣ በዚህ መስመር ለዓመታት ካሽከረከረ አባል፦

እህታችን፣ የዘረዘሩት ዕቅድ ቦታዎቹን በደንብ መርጧል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቀን መንገድ እንደ ባዶ ቆጥሮታል። በአሰላ በኩል ከሄዱ በቆጂ ላይ ቆም ይበሉ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙበት አካባቢ መሆኑን ለ11 ዓመቱ ልጅ ከነገሩት፣ ከመኪና ወርዶ ትንሽ ሳይሮጥ አይቀርም። በታኅሣሥ የአርሲ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ራሱ እይታ ነው። ከዚያ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፈው ዲንሾ ይደርሳሉ።

ለእናትዎ የሚሆነው ቦታ ዲንሾ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ሰውን ለምደው በቅርብ ይግጣሉ፤ ለማየት ዳገት መውጣት አያስፈልግም። እናትዎ የደጋ አጋዘንን በአሥር ሳንቲም ላይ ስለሚያውቁት፣ በአካል ሲያዩት የሚሰማቸው ደስታ ከልጆቹ የሚያንስ አይሆንም። ከዲንሾ አጠገብ ያለውን የጋይሳይ ሜዳም ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ማየት ይቻላል። የመግቢያ ክፍያና አስጎብኚ የሚገኘውም እዚያው ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ እደሩ።

መልስ፣ ከሁለት ልጆች አባት፦

እኛ ባለፈው ዓመት ልክ እንደ እናንተ ዕቅድ ነበር የሄድነው፤ ባንሄድ ይሻል ነበር የምለው ስለ ቦታው ሳይሆን ስለ ችኮላው ነው። ከአዲስ አበባ በወጣን በማግስቱ ጠዋት ሳነቴ ላይ ነበርን። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካለችው ከአስመራ የመጣ ዘመዳችን ምንም አልሆነም። ከባሕር ዳርቻ አገር ከመጣን ሦስት ቀን ያልሞላን እኛ ግን አልቻልንም። የ9 ዓመት ልጄ ቁርሱን እንኳ ሳይነካ ራሱን ይዞ የኋላ ወንበር ላይ ተኛ፤ ሹፌሩ «መኪና አዙሮት ነው፣ ያልፍለታል» ስላለኝ አምኜው ወደ ቱሉ ዲምቱ ቀጠልን። ጫፉ ላይ እኔ ፎቶ ሳነሳ ልጄ መኪናው አጠገብ ተንበርክኮ እያስመለሰ ነበር። ወደ ጎባ ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ቀና አለና «ዳቦ አለ?» ሲል ነው የመኪና ጉዳይ እንዳልነበረ የገባኝ። ስለዚህ ትንሿ ልጅ መኪና ላይ የምታስመልስ መሆኗ እንዳያታልላችሁ እሰጋለሁ፤ ከፍታው ያመጣውን ሕመም የመኪና ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

መልስ፣ ጎባ ከምትሠራ ነርስ፦

ከላይ አባትየው ያሉትን ጠበቅ አድርጌ እደግፋለሁ፤ ከአሽከርካሪው ምክር ደግሞ በአንድ ነጥብ እለያለሁ። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ነው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው ከሁሉ በላይ በሚተኛበት ቦታ ስለሆነ፣ ዲንሾን ቀን አይቶ ሮቤ ወይም ጎባ ወርዶ ማደር ለልጆቹ የተሻለ ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ለእናንተ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብዙም አያስቸግርም፤ እህትዎና ልጆቿ ግን ከባሕር ጠለል አካባቢ የሚመጡ ስለሆነ ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገባው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው።

የከፍታ ሕመም ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ያለወትሮ መድከም ናቸው። የ6 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላትል ትችላለች፤ ነጭናጫ ከሆነች፣ የምትወደውን ምግብ ከገፋች ወይም መጫወት ትታ ከተኮራመተች እንደ ምልክት ይውሰዱት። ምልክት ከታየ መፍትሔው ሳይዘገዩ መውረድ ነው፤ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጠውም የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። እናታችንም ከመነሳታቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ፣ መድኃኒታቸውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይያዙ፣ አንድ ቀንም አያቋርጡ። ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ ብዙ ውኃና ቆሎ ይያዙ። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል፤ ስለዚህ ጋቢም ባርኔጣም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐረና ያለው ከሳነቴ ማዶ ነው። ሐረና ወርዶ ጎባ ለማደር የሚመለስ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ 4,000 ሜትር ይሻገራል፤ ትልቁ ሆስፒታል ደግሞ ያለው በጎባ በኩል ነው። ስለዚህ ከሳነቴ በኋላ ወደ ሐረና መውረዱን አስቀድማችሁ አትወስኑ።

መልስ፣ ከሮቤ ነዋሪ፦

የቱ ይቀር ለሚለው፣ ብዙ ሰው የሚያስቀረው ሶፍ ዑመርን ነው፤ እኔ ግን እንዳይቀር እለምናለሁ። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ወደ ቆላ ስለሚወርድ ከሳነቴ በኋላ ለሳንባም ለጉልበትም ዕረፍት ነው። የዌብ ወንዝ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ሠርቷል፤ በበጋ ውኃው ስለሚጎድል መግባት ይቀላል። የውስጡ ምሰሶዎች በባትሪ ብርሃን ሲታዩ ሰው ያነጻቸው ይመስላሉ። ለእናትዎ ውስጡ ድንጋያማ ስለሆነ አይመችም፤ በአፉ በኩል ከጥላ ሥር ቁጭ ብለው ወንዙ ወደ ጨለማው ሲገባ ማየት ይበቃቸዋል። ቦታው በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ስለሆነ አለባበሳችሁና ድምፃችሁ ሥርዓት ያለው ይሁን።

የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ቢቀር ግን አይቆጫችሁ። 4,377 ሜትር መሆኑ ያስደስታል፤ ሆኖም ልጆች የሚያስታውሱት ቀይ ቀበሮውን ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። ጠዋት ሳነቴ ላይ መኪናውን አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉና ዝም በሉ። ቀበሮው በሚያድነው ትልቅ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ከዚያ በአፍንጫው ወደፊት ይወረወራል። ወቅቱ ግልገል የሚያሳድጉበት ስለሆነ ከመኪና ወርዳችሁ አትከተሉት፣ ምግብም አትወርውሩለት።

ለልጁ ደግሞ አንድ ታሪክ ንገሩት። በፓርኩ ውስጥ ፊንጫ ሐበራ በሚባል የድንጋይ ጥግ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ዋና ምግባቸውም ያው ቀበሮው የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል ነበር፣ እየጠበሱት።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለቤቴና እህቴ አንብበውት ተስማምተናል። እንግዶቹ አዲስ አበባ ሦስት ሌሊት ያድራሉ። የመጀመሪያውን ቀን በበቆጂ አድርገን ሮቤ እንገባለን፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ዲንሾና ጋይሳይ ተመልሰን ከእናታችን ጋር ሳንቸኩል እንውላለን፣ ማደሪያችን ጎባ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ሳነቴ፣ በአራተኛው ሶፍ ዑመር። ቱሉ ዲምቱን ትተነዋል። ለአሽከርካሪው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ወደ ሐረና ስለመውረድ ሜዳው ላይ የምንወስን ከሆነ፣ የምንወስነው የት ቆመን ነው?

መልስ፣ ከአሽከርካሪው፦

የነርሷን እርማት ተቀብያለሁ፤ ሮቤ ማደራችሁ ትክክል ነው። ከጎባ ማለዳ ተነሥታችሁ ጅብራው የቆመበትን ሜዳና ትንንሾቹን ኩሬዎች እያለፋችሁ ስትሄዱ፣ በደቡብ በኩል ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ከሥር የሐረና ደን እስከ አድማስ ይታያል፤ አንዳንድ ቀን ደመናው ከእግራችሁ በታች ይተኛል። መኪናውን ከጠርዙ ራቅ አድርጎ ያቁምላችሁ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ የትንሿን እጅ ያዙ፤ ለእናታችንም በሩ ተከፍቶ ከወንበራቸው ሳይነሡ ይመልከቱ። እዚያው ሻይና ዳቦ አቅርቡ። ሁለቱም ልጆች ደስ ብሏቸው ከበሉ በሐረና በኩል ወዳለችው የሪራ መንደር ውረዱ፤ ሹፌሩ ፍሬን ላይ ሳይተኛ በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ትንሿም ከፊት ወንበር ትቀመጥና መንገዱን እያየች ትሂድ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አልፎ የኮሶው ዛፍ ሲጀምር አየሩ ሲለወጥ ይታወቃችኋል፤ ከደኑ ቡናና ማር ታገኛላችሁ። ከሁለቱ አንዱ ዳቦውን ከመለሰ ግን መኪናውን ወደ ጎባ አዙሩት።