ከአፍራ ቤን በፊት ተውኔት የጻፈች ሴት ነበረች?

መድረክ ወዳዷ፦
ሰላም ወገኖች። የቴአትር ተማሪ ነኝ። ለክፍል የማቀርበው አጭር ትዕይንት እየፈለግሁ ነው። በሼክስፒር ዘመን የለንደን መድረክ ላይ ጁልየትን እንኳ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር ይባላል። ታዲያ የምትጽፍ ሴትስ ነበረች? ጽፋ እንጀራ የበላችስ?

ዳኒ፦
የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊቷ ደራሲ አፍራ ቤን ናት። አለቀ።

እትዬ መጋረጃ፦
ዳኒ፣ ምነው ቸኮልክ! መጻፍ ሌላ፣ መድረክ ላይ መውጣት ሌላ፣ ብሩን መቀበል ደግሞ ሌላ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።)

ኤሊዛቤት ኬሪ ስለ ማርያም የጻፈችው ተውኔት በ1613 ታትሟል። እመቤታችንን እንዳይመስላችሁ፤ የሄሮድስን ሚስት ነው። እንግሊዛዊት ሴት ራሷ ደርሳ ያሳተመችው የመጀመሪያ ተውኔት እሱ ነው። የተጻፈው ግን ለሚያነቡት እንጂ ትኬት ገዝቶ ለሚገባው አልነበረም። በ1663 ካትሪን ፊሊፕስ ከፈረንሳይኛ የመለሰችው «ፖምፔ» ደብሊን ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። እሷም ቢሆን ኑሮዋ በዚህ አልነበረም።

አፍራ ግን ሥራዬ ብላ ያዘችው። በ1666 ለእንግሊዝ ንጉሥ ልትሰልል አንትወርፕ (የዛሬዋ ቤልጂየም) ሄዳ ነበር። ደመወዟን የሚከፍላት ጠፋ፤ በዕዳ ተዘፍቃ ተመለሰች። በ1670 የመጀመሪያ ተውኔቷ የዮርክ መስፍን ቡድን በሚባለው የለንደን የቴአትር ቡድን ታየ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚዘነጋት ሴት ያለችው። የቡድኑ መሪ ዊልያም ዳቨናንት በ1668 ሲሞት ሥራውን የያዘችው ባለቤቱ ሌዲ ዳቨናንት ናት። አፍራ በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ የነበረችው ሴት ነበረች ማለት ነው። ይህን የሚያነሳ አስተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ያናድደኛል።

መድረክ ወዳዷ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ክፍያውስ እንዴት ነበር?

እትዬ መጋረጃ፦
ሦስተኛው ቀን የደራሲው ነው። የዚያን ቀን ገቢ ወጪው ተቀንሶ ለሷ ይሰጣል። ተውኔቱ በሁለተኛው ቀን ከወረደ ባዶ እጇን ትሄዳለች። እኔ ስንት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ሠርቻለሁ፤ ደራሲ በቀዳዳ አጮልቆ ወንበር ሲቆጥር አይቻለሁ። የሷ ጭንቅ ይገባኛል።

ዳኒ፦
እሺ፣ ተረታሁ 😀 ግን «ዘ ሮቨር» የሚለውን ተውኔቷን ከሌላው ደራሲ ከቶማስ ኪሊግሩ ተውኔት ወስዳ አይደል የሠራችው?

እትዬ መጋረጃ፦
ወስዳለች። ያኔ ማን ያልወሰደ አለ? ሼክስፒርም ታሪኩን ከሰው ነው የሚያመጣው፤ እሱን ሌባ የሚለው የለም። የኪሊግሩ ረጅም ነው፤ እሷ አሳጥራ፣ ለሴቶቹ አፍ ሰጥታ በ1677 አወጣችው። መጀመሪያ ሲታተም ስሟ አልነበረበትም።

ልጄ፣ ለክፍልሽ የዚህኑ መክፈቻ ያዢ። ቦታው ኢጣሊያ፣ ኔፕልስ ነው፤ የካርኒቫል (የጭንብልና የጭፈራ በዓል) ሰሞን። ሁለት እህትማማቾች ያወራሉ። ፍሎሪንዳን አባቷ ለሀብታም ሽማግሌ ሊድራት ይፈልጋል፤ ሄሌናን ገዳም ሊያስገቧት ነው። ወንድማቸው መጥቶ ይቆጣል። እሱ ሲወጣ ጭንብል አጥልቀው ከቤት ሊወጡ ይመክራሉ። ሄሌና ነገረኛ ናት፤ ደፋር ተዋናይት ትፈልጋለች። ያኔ የተጫወተቻት ኤሊዛቤት ባሪ ናት፤ ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ከጀመሩ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

መድረክ ወዳዷ፦
ሄሌና እኔ ነኝ! ፍሎሪንዳን ፍለጋ ወጣሁ።