ክርክር፦ ሳተርን መዘጋት ነበረበት?

አወያይ፦ የአሜሪካው መኪና አምራች ጀነራል ሞተርስ (ጂኤም) እ.ኤ.አ. በ2009 በመንግሥት ገንዘብ ታግዞ ከኪሳራ ሲወጣ ሳተርን፣ ፖንቲያክና ሐመር የተባሉትን የመኪና ብራንዶቹን ጥሎ ነው የወጣው። የሳተርን ናፍቆት ግን እስካሁን አልበረደም። አንዱ ወገን «መኪናው ጥሩ ነበር፣ አለቆቹ ገደሉት» ይላል። ሌላው «ዘይት እየበላ ራሱን በራሱ ገደለ» ባይ ነው። እስቲ በማስረጃ ተከራከሩ።

ዳዊት፦ አለቆቹ ናቸው የገደሉት። ሳተርን በ1985 ሲቋቋም ዓላማው ከጃፓን ትንንሽ መኪኖች ጋር መፎካከር ነበር። ለዚህም ቴነሲ ውስጥ ስፕሪንግ ሂል ላይ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ፣ ከሠራተኛው ማኅበር ጋር የተለየ ውል ተፈረመ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሳይቀር ከዜሮ ተነደፈ። በሩና ፓራፋንጎው ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ቀላል ግጭትም አያጎደጉደውም። ዋጋው የተለጠፈው ነው፤ መከራከር የሚባል ነገር የለም። በ1991 አቅራቢው የላከው የራዲያተር ፈሳሽ ሞተሩን እንደሚበላ ሲታወቅ ደግሞ ከ1,800 በላይ መኪኖችን በአዲስ ቀየረ እንጂ ጠግኖ አልመለሰም። በ1994 ወደ 286 ሺህ መኪና የተሸጠው እንዲሁ አይደለም።

ሰለሞን፦ ዳዊት፣ ስለ ሽያጩ ጨዋነት ያልከውን እቀበላለሁ። ሞተሩ ላይ ግን አንስማማም። 1.9 ሊትሩ የሳተርን ሞተር ዘይት የሚበላው በባለቤቱ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሪንጉ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ የጠረገው ዘይት በፒስተኑ በኩል ወደ ታች የሚመለስበት ቀዳዳ አይበቃም። ዘይቱ ሪንጉ በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ይቀራል፣ ተቃጥሎ ካርቦን ይሆናል፣ የዘይቱን ሪንግ አጣብቆ ይይዘዋል። የተጣበቀ ሪንግ አይጠርግም። ጭሱ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ባለቤቱ የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ሞተሩ የሚይዘው 4 ኳርት (አንዱ ኳርት ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው) ስለሆነ አንድ ኳርት ሲጎድል ሩቡ ሄደ ማለት ነው። የሞተሩ ካቴና ዘይት ሲያጣ መጮህ ይጀምራል፤ ካታላይዘሩም (የጭስ ማጣሪያው) በዘይት ቅሪት ታፍኖ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ይህ የንድፍ ጥፋት ነው።

ሔለን፦ ሶሌ፣ ምክንያቱን በትክክል አስቀምጠኸዋል፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበለውም። ምክንያቱም ችግሩ መፍትሔ አለው። መጀመሪያ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይወርድ ይሞከራል፦ ሞተሩን አሙቆ ማጥፋት፣ አራቱንም ካንዴላ ማውጣት፣ ፒስተኖቹ ሁሉም መሐል ላይ እስኪደርሱ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በእጅ ማዞር፣ በየሲሊንደሩ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ ጨምሮ ማሳደር። ጠዋት ላይ ካንዴላውን መልሶ ማስነሳት ክልክል ነው! ፈሳሽ አይታመቅም፤ የተረፈ ካለ ቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምማል። የነዳጁንና የካንዴላውን ፊውዝ ነቅሎ፣ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ከልሎ፣ ሞተሩን በስታርተር ብቻ አዙሮ የቀረውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል። አንዴ ካልበቃ ይደገማል። በዚህም ካልተመለሰ ፒስተኑን አውጥቶ የመመለሻ ቀዳዳ መብሳትና አዲስ ሪንግ መግጠም ነው። ተራ ጋራዥ የሚሠራውን ነገር ጂኤም ገና ከጠዋቱ ፋብሪካው ውስጥ ማረም ያቅተው ነበር?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ሁላችሁም ሞተሩ ላይ ቀራችሁ፤ ገበያውን እዩ እንጂ። ያ የመጀመሪያው ትንሽ ሳተርን ከ1990 እስከ 2002 መሠረቱ ሳይለወጥ ነው የተሸጠው። ቤተሰቡ የሰፋ ደንበኛ ተለቅ ያለ ሳተርን ሲፈልግ የለም ተባለ። የ2000 ሞዴል ሆኖ የመጣው ተለቅ ያለው ሳተርን ኤል የተሠራው ኦፔል ቬክትራ በተባለው የአውሮፓ መኪና መሠረት ላይ ነው፣ ያውም ስፕሪንግ ሂል ሳይሆን ደላዌር ግዛት። ቪዩ የተባለው ሞዴል ጥሩ ተሸጠ፤ ማርሽ አልባው ካምቢዮ የገባበት ግን የባለቤቱን ኪስ አራቆተ። አዮን የተባለው ሞዴል በ2014 በቁልፍ ማብሪያው ችግር ለጥገና ከተጠሩት የጂኤም መኪኖች አንዱ ነው። አውራ የተባለው ሞዴል በ2007 የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል፤ አካሉ ግን እንደማንኛውም መኪና ላሜራ ነበር። በ2009 የተዘጋው ስሙ ብቻ ነው፤ ሳተርንን ሳተርን ያሰኘው ሁሉ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ መዘጋቱ ልክ ነው።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ የዘረዘሩት ሁሉ እኮ የእኔን ነጥብ ነው የሚደግፈው። አሥር ዓመት ሙሉ አዲስ ሞዴል የነፈገው ማን ነው? ገንዘቡን የሌሎቹ ብራንዶች አለቆች ይፈልጉት ነበር። ስሙ ዋጋ ባይኖረው የአሜሪካው መኪና ሻጭ ኩባንያ ፔንስኪ በ2009 ሊገዛው ባልተደራደረ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ፔንስኪ የፈለገው የሽያጭ መረቡንና ደንበኛውን ነው። ጂኤም ለጊዜው እየሠራ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራለት ሌላ አምራች ያስፈልገው ነበር። ያ አምራች ስለጠፋ ነው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2009 ስምምነቱ የፈረሰው። መኪና የሚሠራለት ያጣ ብራንድ በግብር ከፋይ ገንዘብ አይቆይም። አጥፊው ጂኤም ነው ካልከኝ እሺ፤ በዚያ ቀን ሌላ ምርጫ ነበር ካልከኝ ግን አልቀበልም።

ምሕረት፦ በናፍቆት ብቻ ተነስታችሁ ልትገዙ ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ፕላስቲኩ አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው አጽም ግን ብረት ነው። ኮፋኖውና ጣሪያውም ብረት ናቸው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት ክፍለ ሀገር የኖረ ከሆነ በሩ እያበራ ከሥሩ የበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል ሳትገዙ ክሪክ ላይ አውጥታችሁ እዩት። በፓነሎቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ጉድለት አይደለም፤ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ አጥብቦ ከገጠመው በሩ በበጋ አልከፈትም ይላል።

ሰለሞን፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩንም እዩ። የድሮው ጫፉ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ወደ ሶኬቱ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ ስለሚመስለው ቤንዚን ያበዛል፤ ማራገቢያውም በጊዜ አይነሳም። በዚህ ምክንያት የአሉሚኒየም ቴስታታ የተሰነጠቀባቸው አሉ። የናስ ጫፍ ያለውን ግዙ፣ ሶኬቱን አጽዱ ወይም ቀይሩ። መኪናው ማርሽ ገብቶ ቆሞ ሳለ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የላይኛው የሞተር መያዣ ጎማ አልቋል። ዘይት መያዣው ሥር እንጨት አድርጋችሁ በክሪክ ሞተሩን ደግፉና ቀይሩት። ምርጫ ካላችሁ ማንዋል ያዙ፤ አውቶማቲኩ ወደኋላ ማርሽ ሲገባ በኃይል የሚመታ ከሆነ ቫልቭ ቦዲው (በካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) እያለቀ ነውና ዋጋ አስቀንሱበት።

ሔለን፦ ካንዴላ ስታወጡም አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ። አንዱ ላይ ብቻ እርጥብ ጥቁር ዘይት ካያችሁ ያ ሲሊንደር ነው የሚበላው፤ በፈሳሹ መሞከር ያለበት እሱ ነው። አራቱም እንደዚያ ከሆኑ ፒስተን የማውጣቱን ወጪ ጨምራችሁ ተደራደሩ።