ከተቀበለኝ ቤተሰብ ጋር ስለ ሥራ ሰዓት እንዴት ልነጋገር?

ቋንቋ ለመማር ወደ ውጭ አገር መጥቼ የምኖረው ከአንድ ቤተሰብ ጋር ሲሆን፣ በውላችን መሠረት ልጆቻቸውን ስለምጠብቅላቸው መኝታ፣ ምግብና የኪስ ገንዘብ ይሰጡኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ እናትየዋ አጠገቤ ተቀምጣ አምሽታለች፤ መናገሩ የከበደኝም ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ቀስ በቀስ እየሰፋ መጥቶ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የቤተሰቡን ሁሉ ልብስ ስተኩስ ስለማመሽ ደብተሬን ሳልገልጥ እተኛለሁ፤ የዕረፍት ቀኔም በማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ ተሰርዟል። እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራስቡርግ የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ቆይታ የቤት ውስጥ እገዛው በአብዛኛው በቀን ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይደነግጋል፤ ሆኖም ያለሁበት አገር ስምምነቱን ስላላጸደቀ የምደገፈው በውሌ ብቻ ነው። ያገናኘን ድርጅት «ተነጋገሩ» ከማለት ያለፈ ምላሽ አልሰጠኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑም ብንቀያየም ማደሪያዬንም ፈቃዴንም እንዳላጣ እሰጋለሁ።

ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ውሉን ፊታቸው አቅርቤ ልናገር ወይስ አስቀድሜ በጽሑፍ ላሳውቃቸው? ፈቃዱ ሳይቋረጥ ቤተሰብ የቀየራችሁስ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጀመራችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።