ለዳገት፣ ለኮብልስቶንና ለሚያመኝ ጉልበት የትኛው ብስክሌት ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የጀሞ ነዋሪ
ዕድሜዬ 47 ሲሆን ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ በብስክሌት ለመመላለስ አስቤአለሁ። እስካሁን የማውቀው ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ የነዳሁትን ማርሽ አልባ ብስክሌት ብቻ ነው፤ እዚያ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ማርሽ ኖረ አልኖረ ግድ አልነበረንም። አሁን ሱቅ ስገባ ማውንቴን፣ ኮርሳ፣ ሃይብሪድ፣ ታጣፊ እያሉ ይደረድሩልኛል፤ በመጨረሻ ግን የሚገፋፉኝ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ማውንቴን እንድገዛ ነው። የምኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የግቢያችን መንገድ ኮብልስቶን ሲሆን ቀኝ ጉልበቴም ዳገት ላይ ያስቸግረኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለ ካቴና
ወንድሜ፣ የዓይነቱን ስም ለጊዜው ይተዉትና ማርሹንና ጎማውን ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከአቃቂ ዝቅተኛ ሥፍራ ተነሥታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትደርስ ከተማ ናት፤ እርስዎም ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱት ሽቅብ ነው። ስለዚህ ከፔዳሉ ጋር ያለው ትንሹ ማርሽ ከኋላው ትልቁ ማርሽ በጥርስ ብዛት ማነስ አለበት። ለምሳሌ የፊቱ 28፣ የኋላው 34 ጥርስ ቢሆን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ በዚህ ጊዜ እግርዎ ቶሎ ቶሎ ይዞራል እንጂ ጉልበትዎ ላይ ከባድ ጫና አይመጣም። ኮርሳ አብዛኛውን ጊዜ ለፍጥነት የተመጠነ ማርሽና ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ጎማ ስላለው ኮብልስቶን ላይ እጅዎን ያደነዝዘዋል፤ ለእርስዎ አይሆንም። በኮርሳና በማውንቴን መካከል ያለው፣ ጎማውም ከ40 ሚሊ ሜትር የማያንሰው ሃይብሪድ ግን፣ ነፋሱ በልክ ከተሞላ፣ ያለ ሞላም ንዝረቱን ይችለዋል። የኋላ ሞላ ደግሞ፣ በተለይ ርካሹ፣ ክብደት ከመጨመሩም በላይ ዳገት ላይ የሚያወጡትን ጉልበት እየዋጠ ያስቀርብዎታል። ሻጩ የሚያሞግሰው ዓይን ስለሚስብ ይመስለኛል።

መልስ፦ የሳር ቤት ተጓዥ
በሃይብሪዱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ጉልበታቸው የሚያማቸው ከሆነ የኤሌክትሪኩን ሳያዩ ማለፍ የለባቸውም ባይ ነኝ። ዳገቱን ሞተሩ ያግዛል፤ ባትሪውንም ነቅሎ ቤት ውስጥ መሙላት ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቹ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ 4ኛ ፎቅ ተሸክሞ መውጣት የማይታሰብ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ምድር ላይ ዘበኛ የሚያየው፣ ከብረት ጋር የሚቆለፍበት ቦታ ከሌለዎት አይግዙት። ታጣፊው ለደረጃም ለቢሮም ምቹ ቢሆንም ትንሹ ጎማው የኮብልስቶኑን እያንዳንዱን ጉድባ ይቆጥራል።

የጀሞ ነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምድር ላይ የሚታመን ቦታ የለንም፤ እንግዲያው ሃይብሪድ ልገዛ ነው። ሱቅ ውስጥ ልኬን በምን አውቃለሁ? ፍሬኑስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ እናት ብስክሌተኛ
በሚነዱበት ጫማ አግዳሚውን ብረት አንፈራጠው ይቁሙ፤ በእርስዎና በብረቱ መካከል ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። እግር አንሥቶ መሻገሩ የሚያስቸግርዎ ከሆነ አግዳሚው ዝቅ ያለውን ይምረጡ፤ እሱ የሴት ብቻ ነው የሚሉትን አይስሟቸው። ቀጥሎ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው፤ ምክንያቱም ሲነዱ የሚረግጡት በፊተኛው የእግርዎ ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ በጥቂቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትን ፊት ያሳምማል፤ ምናልባት የእርስዎም ሕመም በዚህ ይባባስ ይሆናል፣ ሐኪምዎን ግን ይጠይቁ። በክረምት የዲስክ ፍሬን (በጎማው መሐል ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው) ቸርኬውን ከሚይዘው ይልቅ በዝናብ አስተማማኝ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን የሰፈርዎ ብስክሌት ጠጋኝ የሚያልቀውን የፍሬን ሸራ የሚያገኝልዎት መሆኑን ይጠይቁት፤ ካላገኘ ቸርኬ የሚይዘውን ይውሰዱና ከሳር ቤት ቁልቁል ሲመለሱ ቀደም ብለው መያዝ ይልመዱ።