ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር የመብራቱን፣ የውሃውንና የቀረውን ወጪ እንዴት እንመድብ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን እስከ ዛሬ የኖርነው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ በተከራየነው ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ውሃውም መብራቱም በኪራዩ ውስጥ የተካተተ ስለነበር በወር አንድ ጊዜ ለቤቱ ባለቤት ከመክፈል በቀር ስለ ቆጣሪ አስበን አናውቅም። አሁን ጀሞ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝተን ከነሐሴ 1 ጀምሮ ልንገባ በቃል ተስማምተናል። የሁለታችን የተጣራ ደመወዝ ተደምሮ 41,000 ብር ሲሆን ኪራዩ 17,000 ብር ነው፤ የመብራት፣ የውሃና የብሎክ ኮሚቴው ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ በእኛ ላይ ይሆናል። ከሚቀረው 24,000 ብር ላይ አስቤዛው፣ ትራንስፖርቱና የልጃችን ትምህርት ቤት ክፍያ ይነሳል። ባለቤቴ እያንዳንዱን ወጪ ደመወዝ በገባ ዕለት ለይተን እናስቀምጥ ትላለች፤ እኔም ሐሳቧን እቀበላለሁ፣ ነገር ግን ገና ያላየሁትን ሂሳብ ስንት ብዬ እንደምለየው አላውቅም። በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

የመጀመሪያው መልስ

ወንድሜ፣ ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ። ስንት እንደሚመደብ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት እፈልጋለሁ፤ ይኸውም የእርስዎ ሂሳብ ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር በጽሑፍ ሳይሰፍር ቁልፍ እንዳይቀበሉ ነው። እኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ስንገባ አከራያችን ምንም ዕዳ እንደሌለበት በቃል አረጋግጠውልን ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ለሰባት ወራት ያልከፈለው የውሃ ውዝፍ በእኛ ሂሳብ ላይ ተደምሮ መጣ። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ስለሆነ ዕዳው የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን ቤቱን ነው፤ ውሃው ሲቆረጥ የሚቸገረው ደግሞ በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ለልጃችን የመጠጥ ውሃ ከጎረቤት እየለመንን ያሳለፍነውን ሳምንት እስከ አሁን አልረሳውም።

ስለዚህ አከራዩን የውሃውንና የመብራቱን የደንበኛ ቁጥር ይጠይቁና በቴሌብር አስገብተው ያልተከፈለ ሂሳብ መኖር አለመኖሩን ራስዎ ይመልከቱ። በርክክቡ ዕለት የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሥተው ቁጥሩን ከነቀኑ በውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። መብራቱ ባለ ካርድ፣ ማለትም ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ የቀድሞ ዕዳ ስጋቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም ካርዱ በእጅዎ መግባቱንና ሲሞላ በትክክል መሥራቱን አከራዩ ባሉበት ይሞክሩት። የብሎክ ኮሚቴውንም አይርሱ፤ የጥበቃና የጽዳት ክፍያው ስንት እንደሆነና ቤቱ ውዝፍ ካለበት የሚነግርዎት ገንዘብ ያዡ እንጂ ደላላው አይደለም።

ሁለተኛው መልስ

ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ስለ መብራቱ ልጻፍልዎት፤ በእኛ ቤት ከሁሉም በላይ ያስደነገጠን እርሱ ነበር። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ቆጣሪው ፍጆታውን የሚቆጥርበት መለኪያ፣ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ስለተወሰነ፣ ዘንድሮ የከፈሉት ገንዘብ ለከርሞ በጀት መሠረት ሊሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት እኔ የምመዘግበው ብሩን ሳይሆን ኪሎ ዋት ሰዓቱን ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎቻችን የምንፈራው ምጣዱን ነው፤ ነገር ግን መታጠቢያ ቤት ያለው 1,500 ዋት ቦይለር በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ውሃ ቢያሞቅ በወሩ መጨረሻ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም የምጣዱን እጥፍ ይወስዳል። እርስዎ ከአንድ ክፍል ቤት ስለሚወጡ ቦይለር አዲስ ወጪ ሊሆንብዎት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ እንደበራ ከመተው ይልቅ ከመታጠባችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አብሩት። እንጀራውንም በሳምንት አንድ ቀን አብዝታችሁ ብትጋግሩ ምጣዱን ለማጋል የሚባክነው ኃይል አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ነሐሴ 1 ያነበባችሁትን ቁጥር ይዛችሁ በየእሑዱ ቆጣሪውን ብትመለከቱ፣ ወሩ ሳያልቅ የሳምንት ፍጆታችሁን ታውቁታላችሁ፤ ባለቤትዎ የምትለው መለየትም ያን ጊዜ በግምት ሳይሆን በልክ ይሆናል።

ሦስተኛው መልስ

ልጄ፣ አራተኛ ፎቅ ማለትህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ውሃውን ነው፤ እኔም በዚያው ከፍታ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። የወሩ የውሃ ሂሳብ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያው ተጨምሮበትም ቢሆን ከሌላው አንጻር ቀላል ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ውሃ በፈረቃ በማይመጣበት ቀን የሚገዛው ጀሪካንና ወደ ላይ ለሚያወጣው ልጅ የሚከፈለው ነው። ሦስት ሰዎች በቀን 120 ሊትር ብትጠቀሙ፣ ውሃው አምስት ቀን ቢጠፋ 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጀሪካን ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነና ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ መድረስ አለመድረሱን ከጎረቤት ጠይቅ፤ ሮቶ ከሌለ ማን እንደሚገዛው አሁኑኑ ከአከራይህ ጋር ተነጋገር። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ውድ ቢመስልህም በየሳምንቱ ከምትገዛው ጀሪካን ያድንሃል።

ሌላው የወሩ ምርጫ ነው። ነሐሴ ገብታችሁ የዕቃ ማጓጓዣና የደላላ ኮሚሽን ከፍላችሁ ሳትጨርሱ እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ምዝገባ ይደርሱባችኋል። ጋዝ በሁለት ወር አንድ ጊዜ የሚሞላ ከሆነ ግማሹን በየወሩ አስቀምጥ። በሠፈሩ እድር ለመግባትም መመዝገቢያ ይጠየቃልና እርሱንም አስበህ ያዝ፤ ለአዲስ ሰፈርተኛ እድር የሚዘገይ ነገር አይደለም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴ፣ የእርስዎ ምክር በተለይ ነክቶኛል። ዛሬ አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ፣ ማለትም 102,000 ብር በቅድሚያ እንድንከፍል ጠየቁን። ያለንን ቁጠባ በሙሉ ለዚህ ካወጣነው ለሮቶውም ለመስከረሙም አንዳች አይቀረንም።

የመጀመሪያው መላሽ

በፍጹም እንዳይከፍሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ እንዲጠይቅ አይፈቅድም፤ በእናንተ ሁኔታ ጣሪያው 34,000 ብር ነው። ይኸው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መከፈል አለበት። አከራዩን በአክብሮት፣ ነገር ግን አዋጁን ጠቅሰው ያነጋግሯቸው። ውሉ ሲመዘገብ የቆጣሪው ንባብ የሰፈረበት ገጽ አብሮ መያያዙን ያረጋግጡ።

ጠያቂው

አከራዩን ዛሬ አነጋግረናቸው የሁለት ወሩን ተቀበሉ። የደንበኛ ቁጥሮቹንም ሰጡን፤ በቴሌብር ስናየው የመብራቱ ንጹሕ ሆኖ የውሃው የሦስት ወር ያልተከፈለ ሂሳብ ነበረበት። እርሳቸውም ሳያውቁት መቅረታቸውን ነግረውን በፊታችን ከፈሉት፤ ለሮቶው ደግሞ ግማሹን ሊያዋጡ ተስማምተን በውሉ ላይ ጽፈነዋል።